ከሰላምታ በፊት ጣት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ስነቃ እጆቼ እርጥብ ይመስሉኛል። አገላብጬ ሳያቸው ደረቅ ናቸው። በሕልሜ ግን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቆይተዋል። የጀሶ ጥቅል እነክራለሁ፣ አረፋው እስኪያቆም እጠብቃለሁ፣ በሩ ቀስ ብሎ ይከፈትና ክንድ ይገባል፣ ቁርጭምጭሚት ይገባል፤ ባለቤቶቻቸው ግን አይታዩኝም። እኔም አልደነግጥም። «ግቡ፣ ተቀመጡ» እላለሁ፣ ክንዱም አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ይህን ለልጄ ብነግራት «እማዬ፣ ሐኪም ብታዪ ይሻላል» አለችኝ። ሐኪም ማየት ነው እንግዲህ የቀረኝ! ዕድሜዬን ሙሉ ሳይ የኖርኩት ማንን ሆነና ነው?

ወይንሸት እባላለሁ። በዚህ በነፋስ ስልክ ላፍቶ በኩል ባለ አንድ ትልቅ የመንግሥት ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ የጀሶ ክፍል ባለሙያ ነበርኩ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ራጅ ይነሣል፣ ሐኪሙ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ እኛ ደግሞ እንዳይነቃነቅ በጥጥና በጀሶ እናስረዋለን። ነርስ አይደለሁም፤ በሽተኛው ግን ነጭ ጋውን ያየባትን ሴት ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚለው። መጀመሪያ አካባቢ አርም ነበር። ኋላ ታከተኝና ሲስተር ሆኜ ቀረሁ።

ሌላው ሰው ሰፈሩን በመንገዱና በሕንፃው ያስታውሰዋል፤ እኔ በስብራቱ ነው የማስታውሰው። ላፍቶ ገና እርሻ በነበረ ጊዜ ከዛፍ የወደቀና በሬ የረገጠው ይመጣልን ነበር። ከዚያ ኮንዶሚኒየሙ መሠራት ሲጀምር ከእንጨት መወጣጫ ላይ የወደቁ የቀን ሠራተኞች መጡ፤ ጀሶው ሲሚንቶ በጠጣ ቆዳ ላይ አልቀመጥ ብሎ ያስቸግረን ነበር። ቀጥሎ የባጃጅ፣ ቀጥሎ የሞተር ብስክሌት ስብራት መጣ። በክረምት የመካኒሳ ጭቃ የጣላቸው እናቶች አግዳሚውን ይሞሉታል። አሁን ጭቃው ቀርቶ መንገዱ ሁሉ በሚያንሸራትት ንጣፍ ተነጥፏል፤ እናቶቹ ግን አሁንም ይወድቃሉ፣ ጫማቸው ብቻ ንጹሕ ሆኖ ይመጣል።

ያ አግዳሚ ራሱን የቻለ አገር ነበር። የጉራጌ ነጋዴ፣ የጎጃም ጥበቃ፣ ከሰበታ መንገድ የመጡ ኦሮሞ እናት፣ የስልጤ ልብስ ሰፊ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስብራታቸውን ያወዳድራሉ። እኔ ከሁሉም ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የተማርኩት፦ «ጣትህን አንቀሳቅስ።» ይህን በጥሩ አነጋገር ስለምለው ሰው ቋንቋውን የማውቅ እየመሰለው ሙሉ ታሪኩን ያወራልኛል። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ እሰማለሁ። ምን እንደተባልኩ ሳላውቅ ስንት ምሥጢር ተሸክሜ እንደምኖር ፈጣሪ ይወቀው።

የመጀመሪያ ምድቤ ክፍለ ሀገር ነበር። እዚያ ጀሶ የሚባል ነገር ሲጠፋ ለወራት ይጠፋና በካርቶንና በባሕር ዛፍ ልጥ ስናስር እንከርማለን። አለቃችን ጀሶ ሲመጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበትና ቁልፉን ይዘው ወደ መስክ ይወጡ ነበር። ደመወዙን አላነሣውም፤ አንሥቼ የት አደርሰዋለሁ። አዲስ አበባ የተዛወርኩበት ደብዳቤ የደረሰኝ ቀን ግን ጮክ ብዬ መሳቄ ትዝ ይለኛል።

አዲሱ ክፍሌ ከራጅ ክፍሉ ቀጥሎ፣ በምሥራቅ በኩል መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ነበር። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ የጀሶው አቧራ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆማል፣ ሰው ሁሉ በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ዝግ ያለ ይመስላል። በዚያ ብርሃን ውስጥ ነው ጋሽ ታደሰን መጀመሪያ ያየሁት። ጎንበስ ብሎ፣ ክርኑን ባሊ ውስጥ ነክሮ ቆሟል።

«ሕፃን ልታጥብ ነው እንዴ ጋሼ?» አልኩት፤ ያኔ አፌ አያርፍም ነበር።

«አዎ» አለኝ ቀና ሳይል። «የሚመጣው ሁሉ ሕፃን ነው። ውሃው ከፈላ ጀሶው ቶሎ ይደርቅና ያቃጥላል። ከቀዘቀዘ ደግሞ እኔና አንቺ እዚሁ እናድራለን።»

በሆስፒታሉ ውስጥ የጀሶን ሥራ ለተለማማጅ ሐኪሞች በእጅ የሚያሳየው ጋሽ ታደሰ ነበር። ጥቅሉን ከሁለቱ ጫፍ ወደ መሐል ይጨምቀዋል፣ ዱቄቱ እንዳይወጣ። ጥጡን በአጥንት ጉብታዎች ላይ ደረብ ያደርጋል። ጀሶውን ሲቀርጽ በመዳፉ ብቻ ነው፤ በጣቱ ጫፍ የሚጫን ተማሪ ካየ መዳፉን መታ አድርጎ «ጉድጓድ ቆፈርክ፣ ነገ ቁስል ይበቅልበታል» ይለዋል። ጀሶ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ በሽተኛው በዚህ ሲገረም ጋሽ ታደሰ ራሱ እንደ አዲስ አብሮ ይገረማል። የሚጣላው ከጥገናው ሰውዬ ጋር ብቻ ነበር፤ የጀሶው ዝቃጭ ቧንቧ ውስጥ ድንጋይ እየሆነ ሰውዬውን መከራውን ያበላዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ሰላምታው! በሽተኛ በር ላይ ሲታይ ጋሽ ታደሰ እጁን ጠርጎ ይነሣል። እንዴት አደርክ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ከብቱ ሥራው ደህና ነው፣ ያ ታሞ የነበረው አጎትህስ? በሽተኛው ሕመሙን ረስቶ ሲመልስ ሲመልስ እጁ ታስሮ ያልቃል። እኔ ያን ሰላምታ እወደው ነበር። አልጋ ላይ ያሉትን ለማየት አብሬው ስዞር ክፍሉ ሁሉ እሱን ሲያይ ይነቃቃል።

አንድ ጠዋት ጋሽ ሸምሱን አመጡት። ጋሽ ሸምሱ አናጺ ነው፤ መካኒሳ አቦ አካባቢ ከጋሽ ታደሰ ቤት ጋር በአጥር ይዋሰናሉ፣ በአንድ ዕድር ውስጥ ናቸው፣ የጋሽ ታደሰን የልጁን የሠርግ አልጋ የሠራው እሱ ነው። ቁም ሣጥን አይሱዙ ላይ ሲጭኑ ተንሸራትቶ ቀኝ ክንዱ ላይ ወድቆበታል። ሁለቱም የክንዱ አጥንቶች ተሰብረዋል። ሐኪሙ አስተካከለው፤ ጋሽ ታደሰ «ይሄን ማንም አይነካብኝም» ብሎ ራሱ አሰረው። ተማሪዎቹ ከበው ቆመዋል። እንደዚያ ያማረ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ ጀሶው እንደ ተወለወለ ብርጭቆ ለስላሳ ነበር። ክንዱ ሊያብጥ ስለሚችል ተኝቶ ይታይ ተባለና አልጋ ተሰጠው።

በማግስቱ ጠዋት ከተማሪዎቹ ጋር ዞርን። ጋሽ ሸምሱ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ስቦ ተኝቷል።

«ሸምሱዬ! እንዴት አደርክ?» አለው ጋሽ ታደሰ።

«አልሐምዱሊላህ። እናንተስ እንዴት አደራችሁ?»

«ተመስገን። እንቅልፍ ወሰደህ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እጅህስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። ልጆቹ ቁርስ በሉ ወይ? ቁሙ አትበሏቸው እንጂ።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ጋሽ ታደሰ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «ይህን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ከሰዓት መጥታችሁ አሠራሩን ተመልከቱ» አላቸው። ወጣን። ከእኛ በፊት ነርሷ ጠይቃው ነበር፣ ከእኛ በኋላ ሐኪሙ ጠየቀው፤ ለሁሉም ያንኑ መለሰ። ደህና አደርክ ተብሎ «የለም፣ ደህና አላደርኩም» የሚል ሰው እኛ አገር የት አለ? እናቴ በሞት አፋፍ ላይ ሆና ለጠያቂ ሁሉ «ተመስገን» ስትል ነው ያረፈችው።

ሚስቱ ምሳ ይዛ ስትመጣ ነው የታወቀው። ልታጎርሰው ስትል ጥርሱ ከሕመሙ ብዛት አልላቀቅ አለ። ብርድ ልብሱን ገለጠችው። ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል። ጩኸቷን ሰምተን ከጀሶ ክፍሉ ሮጥን። ጋሽ ታደሰ መጋዙን ይዞ ያን ያማረ ጀሶ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው፣ ሐኪሞቹም ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቡት። ክንዱ ውስጥ ያበጠው ሥጋ መተንፈሻ አጥቶ ደም ሳይደርሰው ቆይቷል። እጁ አልተቆረጠም፤ ጣቶቹም ቀለማቸው ተመለሰ። ጡንቻው ግን ሞቷል። ከወራት በኋላ እጁ የጨበጠውን እንደማይለቅ ሰው እጅ ተጨብጦ ቀረ። ያ እጅ ከዚያ ወዲያ መላጊያ አልያዘም።

ስብሰባ ተደረገ። ጀሶው ጠብቆ አልታሰረም፣ እብጠቱ ነው ተባለ፤ እውነትም ነው። ማንም አልተቀጣም። ጋሽ ታደሰ ከስብሰባው ወጥቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፣ አቧራውም ላዩ ላይ አረፈ። «ሰላም አልኩት እኮ ወይኒ» አለኝ። «ሰላም ከማለት ጣቱን ማየት ይቀል ነበር።» እኔ አለቀስኩ፤ እሱ አላለቀሰም። ያለቀሰ ቢሆን ይሻለው ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ታደሰ ለበሽተኛ ሰላምታ መስጠት ተወ። በር ከፍቶ ይገባል፣ ብርድ ልብሱን ይገልጣል፣ ጥፍሩን ጫን ያደርጋል፤ ነጭ ሆኖ መልሶ ቀይ እስኪሆን ያያል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ቀስ አድርጎ ይዘረጋል፤ ይህን የሚያደርገው የበሽተኛውን ፊት እያየ ነው፣ ምክንያቱም አፍ ይዋሻል፣ ቅንድብ ግን አይዋሽም። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው «እንዴት አደርክ» የሚለው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ የመጀመሪያ ትምህርቱ ይህ ሆነ፦ «ከሰላምታ በፊት ጣት።»

ሰው ይህን እንዴት ይወደዋል? ትልልቅ ሰዎች ተቀየሙ። አንዲት እናት «ይሄ ሰውዬ እግዜር ሰላምታ ነሥቶታል» አሉ። አንድ አለቃችን ጠርተውት «አቶ ታደሰ፣ ኅብረተሰቡን በትሕትና ማስተናገድ አለብዎት» ሲሉት «እሺ» ብሎ ወጣና ያንኑ ቀጠለ። እኔ እያደር ገባኝ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ትሑት ነው፤ ትሑት ሰው ደግሞ በሕመሙ እንግዳ አያስቸግርም። ሐኪሙን ማስቸገር የሚፈራ በሽተኛና በሽተኛውን መግለጥ የሚያፍር ሐኪም ከተገናኙ መሐል ላይ አንድ እጅ ይጠፋል።

ልማዱ ግን ሰው አድኗል። አንዲት ከመወጣጫ የወደቀች ልጅ፣ ሲሚንቶ ተሸካሚ፣ አማርኛ የማትችል፣ ለነርሷም ለአስታማሚዋም እየሣቀች ስትመልስ አደረች። ጠዋት የገባው፣ ጋሽ ታደሰ ያስተማረው ወጣት ሐኪም ብርድ ልብሱን ገልጦ መካከለኛ ጣቷን ዘረጋ ሲያደርገው ሣቋ ቆመ። «ቁበ ኬ ሶቾሲ» አልኳት በዚያች ባንዷ የኦሮምኛ ዓረፍተ ነገሬ፣ ጣትሽን አንቀሳቅሺ ለማለት፤ ጣቷ አልተንቀሳቀሰም። ጀሶው ወዲያው ተቀደደ፣ እጁም ዳነ። ልጅቷ ስትወጣ በዚያው እጇ ጨበጠችኝ፣ አጨባበጧ የሲሚንቶ ሠራተኛ አጨባበጥ ነበር፣ ጣቶቼ ሲጨማደዱ ደስ አለኝ። ያ ሐኪም አሁን የት እንዳለ አላውቅም፤ የትም ይሁን፣ ብርድ ልብስ እየገለጠ እንደሚሆን ግን አልጠራጠርም።

ጋሽ ታደሰ ይህን ሁሉ እያየ አልቀለለውም። ከጋሽ ሸምሱ ሸሸ። በታክሲ ሲመጣ ከሰፈሩ አንድ ፌርማታ አልፎ ይወርድና ዞሮ በኋላ በር ይገባል። ዕድር ሚስቱን ይልካል። በኋላም ቤቱን አከራይቶ ወደ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ገባ፤ ሰው ሲጠይቀው ደረጃው ለጤና ጥሩ ነው ይላል። ጡረታ ሲወጣ መሸኛ ሻይ አፈላንለት፣ ኬኩን በልቶ ሄደ። ባሊውና ክፍሉ ለእኔ ቀሩ። እኔም የዕድሜዬን እኩሌታ በዚያ ብርሃን ውስጥ፣ በዚያ አቧራ ውስጥ አሳለፍኩ። ቀኖቹ ተለያይተው አይታዩኝም፤ አንድ ረጅም ጠዋት ይመስሉኛል።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። የጡረታ ወረቀት ከቢሮ ቢሮ እየተንከራተተ ቆይቶ አለቀ። አሁን በፋይበር ነው የሚታሰረው፣ ሮዝና ሰማያዊ ቀለም አለው፣ አቧራ የለውም፤ እኔ ግን አቧራው ይናፍቀኛል። ሥራ ከፈታሁ በኋላ ለልጄ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላሠራ ብዬ ነፋስ ስልክ አንድ የእንጨት ቤት ገባሁ። በሩ አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ጋሽ ሸምሱ ሆነ። ዕድሜ ጎንበስ አድርጎታል። አሁን ሥራውን ልጆቹ ናቸው የሚሠሩት፣ እሱ እያየ ያርማል።

ወዲያው አወቀኝ። ከሰላምታው በኋላ፣ የእሱ ሰላምታ ዛሬም ረጅም ነው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሲስተር፣ ታደሰ አለ?» አለኝ።

«አለ ጋሼ። ላፍቶ ነው።»

«ምን አጠፋሁበት?»

አልገባኝም። «እርስዎ? ምን ያጠፋሉ?»

«ሸሸኝ እኮ። አጥር የምንጋራ ሰዎች፣ ሰፈር ለቆ ሄደ። በእኔ የተነሣ ስብሰባ አቆሙት አሉ። በእኔ እጅ የተነሣ ስሙ ጠፋ። ተቀይሞኝ ነው አልኩ። እርቅ ልልክ አሰብኩ፣ እንዴት ብዬ ብዬ ሳስብ ይሄው አረጀሁ።»

አንዱ ባንዱ አፍሮ ሁለት ሰው በአንድ ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን! ተናደድኩም፤ አልደብቅም። በማግስቱ ላፍቶ ሄጄ፣ አራተኛ ፎቅ እያለከለክሁ ወጥቼ፣ ለጤና ጥሩ ነው ያለውን ደረጃ እየረገምኩ፣ «ጋሼ ጫማህን አድርግ» አልኩት። የት እንደምንሄድ ስነግረው ቁጭ አለ። ከዚያ ጫማውን ፈለገ።

የእንጨት ቤቱ ውስጥ የከሰዓት ፀሐይ ገብታለች፣ የሰጋቱራው ብናኝ በአየር ላይ ቆሟል። ጋሽ ሸምሱ ሲያየው ከወንበሩ ተነሣ። ልጆቹ ማሽኑን አጠፉ። ጋሽ ታደሰ ሰላም አላለም፤ በር ላይ ቆሞ ቀረ።

«ለምን አልነገርከኝም ሸምሱ?» አለ።

«ምኑን?»

«ያን ጠዋት። እያመመህ ነበር እኮ።»

ጋሽ ሸምሱ ግራ እጁን በነጠላው ጠረገ። «እንዴት ብዬ ልንገርህ? እነዚያ ሁሉ ልጆች ከኋላህ ቆመው? አንተ በሥራህ ደስ ብሎህ? ያሰርክልኝ ሊገድለኝ ነው ብዬ በተማሪዎችህ ፊት ላዋርድህ? ሲወጡለት ለብቻው እነግረዋለሁ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። አብረሃቸው ወጣህ።»

ጋሽ ታደሰ በሩን ያዘው። «እኔም ልገልጥህ አስቤ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ብርድ ልብሱን አንገትህ ድረስ ይዘኸው ነበር። የሠፈሬ ሰው ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ በልጆች ፊት አልገልጠውም አልኩ።»

እኔ እንባዬን ለመደበቅ ዞሬ የአንዱን ሳንቃ ጠርዝ መዳሰስ ጀመርኩ።

«አሁንስ?» አለ ጋሽ ታደሰ።

«አሁን ምን?»

«እጅህ።»

«አልሐም…» ብሎ ጀመረና ጋሽ ሸምሱ ቃሉን ሳይጨርሰው ቆመ። ልጆቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ የተጨበጠ እጁን ቁልቁል አየው።

«ያመኛል» አለ። «ክረምት ሲገባ ያመኛል ታደሰ። ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።»

ጋሽ ታደሰ አንድ ዱካ ጎትቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ያን እጅ በሁለት መዳፉ ያዘው።

«የት ጋ?» አለው።